የናፍጣ ሞተር ተፈትቶ ሲገጠም፦ የነዳጅ መስመር ማፍሰስና አጠጋገኑ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የጭነት መኪናቸውን ሞተር የሚያስፈቱት ብዙውን ጊዜ በክረምት ወራት ነው። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ተጓጉዞ አልቋል፤ የመኸሩ እህል ገና ማሳ ላይ ነው፤ መንገዱም በጭቃ ተይዟል። ስለዚህ መኪናው ጋራዥ ይገባል፤ ፒስተኑ፣ የፒስተን ቀለበቱና ኩሽኔታው ይለወጣል፤ ቴስታታው ይታረማል፤ ማኅበሩም ለአባላቱ ሊያከፋፍል ካሰበው ትርፍ ላይ ቀንሶ ዋጋውን ይከፍላል። በኅዳር ወር ለጭነት ሲፈለግ ግን ሞተሩ በጠዋት እሺ ብሎ አይነሣም፤ ከተነሣም በኋላ ዳገት ላይ ይንተፋተፋል፤ ቆሞ ባደረበት ሥፍራም መሬቱ በናፍጣ ርሶ ይገኛል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሥራ ዋጋቸው እዚህ ግባ በማይባል ቀለበቶችና ቱቦዎች ምክንያት ይበላሻል።

ይህች ጽሑፍ የተዘጋጀችው ለልማት ሠራተኞችና ለማኅበራት የንብረት ኮሚቴዎች ነው። ዓላማዋ አንባቢውን ሜካኒክ ለማድረግ አይደለም። ነገር ግን ሞተሩ ሲገጠም አጠገብ ቆሞ የሚያይ፣ የሚጠይቅና ሥራውን የሚረከብ ሰው ምን መመልከት እንዳለበት ካወቀ፣ ጥፋቱ መንገድ ላይ ሳይሆን እዚያው ጋራዥ ውስጥ ይገኛል።

በአርሲ ደጋ ስንዴና የቢራ ገብስ የሚያመርት አንድ ማኅበር ባለ ስድስት ሲሊንደር የጭነት መኪናውን ሞተር አሠርቶ ካስገጠመ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። እኛ ስንደርስ መኪናው በመጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። ረዳቱ ሞተሩ ላይ ተደፍቶ መፍቻ ይዞ ያጠብቃል፤ ሹፌሩ ከሥር ሆኖ "አሁንም ይንጠባጠባል፤ ጨምርበት" ይለዋል። በየጠዋቱ እንዲህ ሲያጠብቁ መሰንበታቸውን ነገሩን። የዘይቱን ነገር ስንጠይቅ ግን ሹፌሩ ፈገግ ብሎ፣ "በዘይት በኩል እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይኸ ሞተር ዘይት አይበላም፤ እንዲያውም ይጨምራል" አለን። ይህን ቃል እንደ ሰማን ሞተሩ ዳግመኛ እንዳይነሣ ለመንናቸው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ማጥበቅ ለምን አያድንም?

የነዳጅ መጋጠሚያ የሚዘጋው በጉልበት አይደለም፤ ሁለት ንጹሕና ልከኛ ፊቶች እርስ በርሳቸው ሲገጥሙ ነው። በመካከላቸው የደረቀ ቀለበት፣ የአሸዋ ቅንጣት ወይም ጭረት ካለ፣ ብሎኑን ማጥበቅ ጠብታውን ለጊዜው ይቀንሰው እንደ ሆነ እንጂ አያጠፋውም። ሞተሩ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ይመለሳል። በዚህ መካከል የብሎኑ ጥርስ ይበላል፤ የቱቦው ጫፍ ይጨፈለቃል፤ በመጨረሻም በአንድ አዲስ ቀለበት ይድን የነበረው መጋጠሚያ ሙሉ ዕቃ ያስለውጣል።

ከመፈታቱ በፊት አንዲት ጠብታ ያላፈሰሰ ሞተር ከተገጠመ በኋላ ለምን ያፈስሳል ብለው የሚጠይቁን አሉ። እያንዳንዱ ቀለበትና የቱቦ ጫፍ ለብዙ ዓመት በአንድ ቦታ ተጨቁኖ የባልንጀራውን ቅርጽ ይዞ ኖሯል። ሲፈታ ያ ቅርጽ ይለያያል። አሮጌው ቀለበት ተገልብጦ ወይም ጥቂት ዞር ብሎ ሲመለስ፣ የደረቀ ስለሆነ አዲሱን አቀማመጥ መያዝ አይችልም። አሮጌ ቀለበት መልሶ መግጠም የማይገባውም ስለዚህ ነው።

ናፍጣው የሚሄድበት መንገድ

ማፍሰሱን ለማዳን በመጀመሪያ በየትኛው የመስመሩ ክፍል እንዳለ መለየት ያስፈልጋል፤ መስመሩ አራት ክፍል አለውና የአራቱም ሕመም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ከሰልባትዮው (ከናፍጣ ማጠራቀሚያው) እስከ ትንሿ ፖምፓ ያለው ነው። እዚህ ናፍጣው የሚመጠጥ እንጂ የሚገፋ አይደለም። ሁለተኛው ትንሿ ፖምፓ በፊልትሮው በኩል ወደ ትልቁ የናፍጣ ፖምፓ የምትገፋበት ነው፤ በቀድሞዎቹ ሞተሮች ግፊቱ ከ1 ባር ብዙም አይርቅም። ሦስተኛው ከትልቁ ፖምፓ ወደ እያንዳንዱ ኢንጀክተር (ሜካኒኮች ኖዝል የሚሉት) የሚሄደው ወፍራሙ የብረት ቱቦ ነው። የጭነት መኪና ጎማ የሚነፋው ከ7 እስከ 8 ባር መሆኑን ብናስታውስ፣ የቀድሞ ሞተሮች ኢንጀክተር ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በ200 ባር አካባቢ ነው፤ በኮምፒዩተር የሚታዘዙት አዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ከ1,000 ባር እጅግ ያልፋሉ። አራተኛው ክፍል ኢንጀክተሮቹ ያስተረፉትን ናፍጣ ወደ ሰልባትዮው የሚመልሰው ቀጭን መስመር ነው፤ ግፊት የለውም ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ የሚንቀው ይህንን ነው፤ የአርሲውን ሞተር ለጥፋት ያቀረበው ግን እርሱ ነበር።

አየር የሚያስገባው ማፍሰስ

በመጀመሪያው ክፍል ላይ ቀዳዳ ቢኖር ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ አይወጣም፤ አየር ይገባል። ስለዚህ ዙሪያውን ብንመለከት ደረቅ ነው። ምልክቱ ሌላ ነው፤ ሌሊት መስመሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል፤ በጠዋት፣ በተለይ በደጋው ብርድ፣ ሞተሪኖው ባትሪውን እስኪጨርስ ድረስ ቢሽከረከር ሞተሩ አይነሣም፤ በእጅ ፖምፓ ጥቂት ሲገፋ ግን ይነሣል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ጉልበቱ እየመጣ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በትልቁ ፖምፓ ላይ ይለጠፍና ፖምፓው ያለ ጥፋቱ ይፈታል። ይህ ከሁሉ የሚያስቆጨን ወጪ ነው።

መለያው ቀላል ነው። አንድ ንጹሕ ጀሪካን ናፍጣ ከሞተሩ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከሰልባትዮው የሚመጣውን ቱቦ ከትንሿ ፖምፓ ላይ ነቅሎ በምትኩ ከጀሪካኑ በአጭር ንጹሕ ቱቦ ማቅረብ፣ አየሩን አውጥቶ ሞተሩን ማስነሣት። በዚህ ሁኔታ ያለ ችግር ከሠራ ጥፋቱ ከትንሿ ፖምፓ ወደ ኋላ ነው፤ ፖምፓዎቹ አይነኩ። በተጨማሪም ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ በመምጠጫው መስመር መካከል ለጊዜው ቢገባ የአየር አረፋ ሲያልፍ በዓይን ይታያል።

ሞተር ሲገጠም በዚህ ክፍል የሚሠሩ ስሕተቶች ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ዘወትር ይደጋገማሉ። የጎማ ቱቦው ሲነቀል ጫፉ ይሰነጠቅና ያው ተመልሶ ይገጠማል። ርዝመቱ የሚበቃ ከሆነ የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ መጣል፣ የማይበቃ ከሆነ ናፍጣ የሚችል ቱቦ ገዝቶ መለወጥ ይገባል። የውኃ ቱቦ የናፍጣ ቱቦ አይደለም፤ ናፍጣ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ውስጡም ተልጦ ፊልትሮውን ይዘጋል። በካላማዳሪ ቁራጭ ጠፍሮ ማሰርም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ቀን መንገድ ያገለግል ይሆናል፤ በሳምንቱ ግን እንደ ሙጫ ይላቁጣል። በሽቦ የታሰረ ቱቦ በሁለት በኩል ብቻ ስለሚጨበጥ ክብ የብረት ማሰሪያ ይሁንበት። ፊልትሮው ሲለወጥ ደግሞ አሮጌው የጎማ ቀለበት በክዳኑ ጎድጓዳ ውስጥ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይቀመጣል። ሁለት ቀለበት ከአንድ የተሻለ የሚመስለው አለ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ግን ፈጽሞ አይዘጉም።

የመዳብ ቀለበቶች

በፊልትሮውና በፖምፓው ላይ ቱቦዎቹ የሚያዙት ውስጡ ቀዳዳ በሆነ ብሎን ነው። የቱቦው ጫፍ እንደ ጣት ቀለበት ክብ ነው፤ ብሎኑ በውስጡ ያልፋል። በዚህ ዓይነት መጋጠሚያ ሁልጊዜ ሁለት ቀለበት አለ፤ አንዱ ከብሎኑ ራስ ሥር፣ ሁለተኛው ከቱቦው ጫፍ በስተጀርባ። የጀርባው አይታይምና ተረስቶ ይቀራል፤ ወይም አሮጌው ተጣብቆ ሳለ አዲስ ይጨመርበታል። ሲረከቡ ብሎን በብሎን "ከኋላስ አለ?" ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም።

መዳብ የሚመረጠው ለስላሳ ስለሆነ ነው። ሲጨቆን ወደ ጭረቱና ወደ ጎድጓዳው ሁሉ ይገባል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተጨቆነ መዳብ ይጠነክራል፤ ሁለተኛ አይታዘዝም። ስለዚህ ሞተር ሲገጠም ቀለበቶቹ ሁሉ አዲስ መሆን አለባቸው። የሙሉ ሞተር ቀለበት ዋጋ አንድ ቀን መኪና ከማቆም ኪሣራ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አዲስ በማይገኝበት ወረዳ አሮጌውን ማለስለስ ይቻላል። ቀለበቱን በቀጭን ሽቦ አንጠልጥሎ ከሰል ምድጃ ላይ ወይም በእሳት መንፊያ ፊት ደብዘዝ ያለ ፍም እስኪመስል ማቅላት፣ ከዚያም በውኃ ውስጥ መጣል ነው። ቀለሙ በደንብ እንዲታይ ሥራው በጥላ ሥር ይሁን፤ በፀሐይ ብርሃን ማቅላቱ አይታወቅምና ሊቀልጥ ይችላል። አንድ ቀጥቃጭ ይህን ስንነግረው ሳቀብን፤ እርሱ የሚያውቀው ማረሻ ቀልቶ ውኃ ሲገባ እንደሚጠነክር ነውና። መዳብ ግን ተቃራኒ ነው፤ ቀልቶ ውኃ ቢገባም ባይገባም ይለሰልሳል፤ ውኃው የሚጠቅመው ጥቁሩን ቅርፊት ለማራገፍ ነው። ከዚህ በኋላ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግቶ ቀለበቱን በክብ እያዞሩ ሁለቱን ፊት ማጥራት፣ በንጹሕ ናፍጣ ማጠብ፣ ከዚያ መግጠም። ጥልቅ ጎድጓዳ ወይም ጫፉ ድረስ የሚያቋርጥ ጭረት ያለው ቀለበት ይጣል። ይህ የአልሙኒየም ቀለበትን አይመለከትም፤ አልሙኒየም ሳይቀላ ይቀልጣል። በውስጡ ጎማ ያለውም ቀለበት እሳት አይነካውም፤ እርሱ የሚገባው በአዲስ ብቻ ነው።

ስለ ኢንጀክተሩ ሥር ቀለበት አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ ሞተሮች ከኢንጀክተሩ ጫፍ ሥር የመዳብ ቀለበት አለ፤ እርሱ የሚይዘው ናፍጣን ሳይሆን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደውን ጋዝ ነው። ኢንጀክተሩ ሲወጣ ቀለበቱ ጉድጓዱ ሥር ይቀርና አዲስ ሲጨመር ሁለት ይሆናል። ያን ጊዜ ኢንጀክተሩ ከልኩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ጋዝ "ጭስ ጭስ" እያለ ይወጣል፤ ዙሪያው ጥላሸት ይሆናል። ይህን የናፍጣ ማፍሰስ ነው ብሎ ቱቦውን የሚያጠብቅ ብዙ ነው።

ወፍራሞቹ ቱቦዎች

ከትልቁ ፖምፓ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱት ቱቦዎች ቀለበት የላቸውም። የቱቦው ሾጣጣ ጫፍ በፖምፓውና በኢንጀክተሩ አፍ ውስጥ ብረት ለብረት ተቀምጦ ይዘጋል። ስለዚህ በዚህ መጋጠሚያ ላይ ነጭ የቧንቧ ፕላስተር መጠምጠም ወይም ማጣበቂያ መቀባት ትልቅ ስሕተት ነው። አይዘጋም፤ ከዚህም በላይ ቁራጩ ከናፍጣው ጋር ሄዶ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ የሚያንሰውን የኢንጀክተር ቀዳዳ ይደፍናል።

ቱቦዎቹ ሲፈቱ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ይለጠፍባቸው፤ ሁለቱም ጫፋቸው በንጹሕ ፕላስቲክ ክዳን ይሸፈን። በጨርቅ አይወተፉ፤ ክሩ ውስጥ ይቀራል። ሲመለሱ ቱቦው ሳይጎተት በራሱ በሁለቱም አፍ ላይ ልክ መቀመጥ አለበት። ካልተቀመጠ ማያዣዎቹን ማላላት እንጂ ቱቦውን በጉልበት ማጣመም አይገባም፤ ተጣሞ የተገጠመ ቱቦ ሁልጊዜ ወደ ቀድሞው ቅርጹ ለመመለስ ስለሚታገል ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ሁለቱም ዳዶ መጀመሪያ በጣት ይሽከርከር፤ በጣት እስከ መጨረሻው ካልገባ መፍቻ አይያዝ። ከዚያም በፖምፓው በኩል በሁለት መፍቻ ይሠራ፤ አንዱ የፖምፓውን አፍ ይይዛል፣ ሌላው ዳዶውን ያጠብቃል። ያለዚያ ከሥር ያለው ክፍል አብሮ ዞሮ የፖምፓው ውስጥ መዘጊያ ይበላሻል፤ የዚያ ሲሊንደር የናፍጣ ልክም ሊዛባ ይችላል።

የማጥበቂያው ልክ በሞተሩ መጽሐፍ ይገኛል። መጽሐፉ ከሌለ፣ ለቀድሞዎቹ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው። 25 ኒውተን ሜትር ማለት 25 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ የ10 ኪሎ ክብደት እንደ ማንጠልጠል ነው። ይህም ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። በመፍቻው ላይ የብረት ቧንቧ ቀጥሎ የሚያጠብቅ ሰው ሾጣጣውን ጫፍ ይጨፈልቃል፤ የቱቦው ቀዳዳ ይጠባል፤ ያ ሲሊንደር ልኩን ያህል ናፍጣ አያገኝም።

በመጨረሻም ቱቦዎቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስሩት ትናንሽ ማያዣዎች ይመለሱ። ከፍተው የሚጥሏቸው ሜካኒኮች አሉ፤ "ለጌጥ ነው" ይሏቸዋል። በአርሲው መኪና ላይ ሦስቱ ጠፍተው ነበር፤ የአራተኛው ሲሊንደር ቱቦም ከዳዶው ሥር የፀጉር ያህል ተሰንጥቋል። ረዳቱ ሳምንት ሙሉ ያጠበቀው ይኸንኑ ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ አይበየድም፤ ያው ርዝመትና ያው ውፍረት ባለው አዲስ ይለወጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሁለት አደጋ እናሳስባለን። ከዚህ ቱቦ በጭጋግ መልክ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ የእሾህ ውግ ይመስላል፤ ሕመሙም መጀመሪያ ላይ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ግን ሥጋው ይሞታል፤ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ካርቶን በረዥም እንጨት ላይ አስሮ በቱቦው ዳር ማሳለፍ ይበቃል። የተወጋ ሰው እብጠት ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፤ ለሐኪሙም "በግፊት የገባ ናፍጣ ነው" ተብሎ ይነገር። ሁለተኛው እሳት ነው። ናፍጣ በክብሪት ቶሎ አይቀጣጠልምና ሰው ይዘናጋል፤ ጭጋግ ሆኖ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ሲያርፍ ግን ይነዳል።

የማይታየው ማፍሰስ

አሁን ወደ ሹፌሩ ቃል እንመለስ። ዘይት በራሱ አይጨምርም። የዘይት መለኪያው ከፍ ካለ አንድ ሌላ ነገር ገብቶበታል ማለት ነው። ውኃ ከሆነ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል። ናፍጣ ከሆነ መልኩ ብዙም አይለወጥም፤ ነገር ግን ይቀጥናል፤ በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ ውኃ ውኃ ይላል፤ ሽታውም ያስታውቃል።

በአንዳንድ ሞተሮች የተራፊውን ናፍጣ የሚመልሰው ቀጭን መስመር የሚያልፈው በቴስታታው ክዳን ሥር ነው። እዚያ አንድ መጋጠሚያ ካፈሰሰ ናፍጣው ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የአርሲው ሞተር ከዚህ ዓይነት ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ከስድስቱ መጋጠሚያዎች ሁለቱ አሮጌ ቀለበት ይዘው፣ አንዱ ደግሞ ጨርሶ ያለ ቀለበት ተገኘ። ሜካኒኩ ሰነፍ አልነበረም፤ ቀለበት አልቆበት "ይኸ ግፊት የለውም" ብሎ አልፎት ነው። በዚህ መንገድ የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታውንና ኮሎውን ከመፋተግ አያድንም። አዲስ የተገጠመ ሞተር ደግሞ ክፍሎቹ ገና እርስ በርስ እየተላመዱ ስለሆነ ጥሩ ዘይት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በዚሁ ጊዜ ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሞላም ሞተሩ ራሱ ዘይቱን ስቦ እያቃጠለ፣ ናፍጣ ቢዘጋበት እንኳ አልቆም ብሎ እስኪሰበር ሊሮጥ ይችላል። ሹፌሩን "አታስነሣ" ያልነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የቴስታታው ክዳን ከመዘጋቱ በፊት ይህ መስመር ይፈተን። በመስመሩ መውጫ በኩል በእጅ መንፊያ ቀስ ብሎ ጥቂት አየር መስጠትና መጋጠሚያዎቹን በሞተር ዘይት መቀባት ነው፤ የሚያፈስስ ካለ አረፋ ያወጣል። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ግን የሚያሳውቀው የዘይት መለኪያው ብቻ ነው።

ናፍጣ ወደ ዘይት የሚገባባቸው ሌሎች በሮችም አሉ፤ በሞተሩ አካል ላይ የምትታሰረው የትንሿ ፖምፓ ሽፋን ሲቀደድ፣ የትልቁ ፖምፓ ዘንግ መዘጊያ ሲያረጅ፣ ወይም ኢንጀክተር ሳይዘጋ ሲቀር። ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን ከተጠገነ በኋላ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ይለወጣል። የተበረዘውን ዘይት ከፊሉን ቀድቶ በላዩ አዲስ መሙላት ቁጠባ አይደለም።

አየር ማውጣትና መፈተን

መስመሩ ሁሉ ከተገጠመ በኋላ አየሩ በቅደም ተከተል ይወጣል። ከሁሉ በፊት ሞተሩ ይታጠብና ይድረቅ፤ በቆሸሸ ሞተር ላይ ማፍሰስ አይታይም። ከዚያ በፊልትሮው ላይ ያለው የአየር ማውጫ ብሎን ይላላ፤ በእጅ ፖምፓ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ይገፋ፤ ይጥበቅ። በትልቁ ፖምፓ ላይም እንዲሁ ይደረግ። በቀድሞዎቹ ሞተሮች፣ እንደ ፊያት 682 ኤን 3ና እንደ ቀደሙት አይሱዙ ኤን ፒ አር ባሉት፣ በኢንጀክተሮቹ በኩል ያሉት ዳዶዎች በግማሽ ዙር ይላሉና ሞተሪኖው በአጭር በአጭሩ ይዙር፤ ናፍጣ ሲታይ ይጠበቃሉ። ኮምፒዩተር ባላቸው አዲሶቹ ሞተሮች ላይ ግን ይህ ፈጽሞ አይደረግም፤ ሞተሪኖው ሲዞር እንኳ ግፊቱ ገዳይ ነውና አየሩን ማውጣት ያለበት በአምራቹ መመሪያ መሠረት የሠለጠነ ሰው ነው።

ሞተሩ ሲነሣ የተጠረጠረው መጋጠሚያ በጠመኔ ዱቄት ይነስነስ፤ ለወፍራሞቹ ቱቦዎች ይህ ሞተሩ ሳይነሣ በፊት ይደረግ። የረጠበው ቦታ ወዲያው ይጠቁራል። ከላይ ወደ ታች መፈለግ ይሻላል፤ ናፍጣ በቱቦ ላይ ተንሸራቶ ከመነሻው ርቆ ይንጠባጠባልና። ፈተናው ሦስት ጊዜ ይሁን፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሙሉ በሙሉ ሞቆ፣ ከዚያም ጭኖ አንድ ዳገት ወጥቶ ሲመለስ። ጋራዥ ግቢ ውስጥ ያለ ጭነት ሲሠራ ደረቅ የነበረ መጋጠሚያ ከዳገት በኋላ ርሶ ያገኘነው ብዙ ጊዜ ነው። ማግስቱን ጠዋት ደግሞ የእጅ ፖምፓ ሳይነካ ሞተሩ ይነሣ እንደ ሆነ ይታይ።

ኮሚቴው ሲረከብ

ኮሚቴው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የወጡትን አሮጌ ቀለበቶች ቆጥሮ ይረከብ። አዲስ ተገዛ ከተባለው ቁጥር ጋር ካልተካከለ፣ ወይ አሮጌው ከነበረበት አልወጣም፣ ወይ አዲሱ አልገባም። ይህን መጠየቅ ሜካኒኩን መጠርጠር አይደለም፤ ጥሩ ሜካኒክ ራሱ በሣጥን አድርጎ ያቀርበዋል።

"ትንሽ ማፍሰስ ምን ይጎዳል?" ለሚሉ አባላት በሲኒ መለካት ጥሩ መልስ ነው። ከጠብታው ሥር 80 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የቡና ሲኒ ይቀመጥ። በአንድ ሰዓት ከሞላ፣ በቀን 10 ሰዓት ለሚሠራ መኪና 800 ሚሊ ሊትር፣ በ25 የሥራ ቀን 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ናፍጣ መሬት ጠጣው ማለት ነው። ይህን የለካን በስብሰባ ፊት ነበር፤ ክርክሩ ሲኒው ሳይሞላ አለቀ።

ሹፌሩ በመኪናው ውስጥ በክዳን ባለው ቆርቆሮ የሚይዛቸው ዕቃዎች የሚከተሉት ቢሆኑ እንመክራለን፦ በየልካቸው የመዳብ ቀለበቶች፣ አንድ ሜትር የናፍጣ ጎማ ቱቦ ከአራት የብረት ማሰሪያ ጋር፣ አንድ የናፍጣ ፊልትሮ ከነቀለበቱ፣ ከዳዶዎቹ ልክ ጋር የሚስማሙ ሁለት መፍቻዎች፣ ንጹሕ የፕላስቲክ ክዳኖች። ደረቅ ሳሙናም ይጨመር፤ ሰልባትዮው በድንጋይ ቢበሳ ሳሙና ጠፍጥፎ መድፈን እስከ ቤት ያደርሳል። ለሰልባትዮ ብቻ ነው፤ ለሌላው መስመር አይሆንም።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ለመጀመሪያው አንድ ወር የዘይት መለኪያው በየጠዋቱ፣ መኪናው በደልዳላ ሥፍራ ቆሞና ሞተሩ ሳይነሣ ይታይ፤ ልኩም ከኪሎ ሜትሩ ጋር በደብተር ይጻፍ። ጥቂት ዝቅ ቢል የሚጠበቅ ነው። ከትናንቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ጭነቱ ለሌላ መኪና ተሰጥቶ የቴስታታው ክዳን ይከፈት።